የካርቱም የመንገድ ቋሊማ በቤት ምድጃ

ወደ ውጭ አገር ከተማ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተ መንግሥቱን፣ ሐውልቱንና ቤተ መዘክሩን ተመልክቶ ይመለሳል። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ከተማ ሕዝብ ከየት ከየት እንደ ተሰበሰበ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በመንገድ ዳር ምን እንደሚጠበስ ቢመለከት፣ በቤተ መዘክር ያላገኘውን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ያገኘዋል። እኛም ስለ ካርቱም የምንጽፈው ከዚህ በኩል ነው።

ካርቱም ከጣና ወጥቶ የአገራችንን አፈር ተሸክሞ የሚወርደው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በእውነቱ ካርቱም እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው ሦስት ከተሞች ናቸው፤ ይኸውም በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለችው ካርቱም ራስዋ፣ ከዓባይ ማዶ በስተ ሰሜን ያለችው ባሕሪ፣ ከነጭ ዓባይ ማዶ በስተ ምዕራብ ያለችው ኦምዱርማን ናቸው። በ1813 ዓ.ም. የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ሠራዊት ሱዳንን በያዘ ጊዜ በዚህ ስፍራ የጦር ሰፈር ተተከለ፤ ሰፈሩም አድጎ ዋና ከተማ ሆነ። በጥር ወር 1877 ዓ.ም. የማሕዲ ሠራዊት ከተማይቱን ያዘና መንግሥቱ መቀመጫውን ወደ ኦምዱርማን አዞረ። በነሐሴ ወር 1890 ዓ.ም. እንግሊዞችና ግብፆች ድል ካደረጉ በኋላ ካርቱም እንደገና ተሠራች፤ ሱዳንም ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ነጻነትዋን አገኘች። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ካርቱም ሌላ ትዝታ አላት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት ከእንግሊዝ አገር መጥተው የተቀመጡት በዚያ ነው፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው የገቡትም ከዚያው ተነሥተው ነው።

እኛ ወደ ካርቱም የሄድነው በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሥራ ተልከን ነበር። የቀኑ ሥራ የቢሮና የወረቀት ስለ ነበረ ለአንባቢ የሚነገር ብዙ ነገር የለበትም። ማታ ማታ ግን ሙቀቱ በረድ ሲል ሕዝቡ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ወንዙ ዳር ይወርድ ነበር። በዓባይ ዳር በተዘረጋው መንገድ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ዝቅተኛ በርጩማዎቻቸውን ደርድረው፣ ከሰላቸውን አቀጣጥለው፣ ሻዩን በዝንጅብልና በቅርንፉድ እያሸተቱ በትንንሽ ብርጭቆ ያቀርቡ ነበር። ከሻጮቹ መካከል የአገራችን ልጆች ነበሩ። ሱዳኖቹ ቡና ሲፈልጉ «ጀበና» ብለው ያዛሉ፤ እኛ ለዕቃው የሰጠነውን ስም እነርሱ ለመጠጡም አውለውታል። ከሻጮቹ አንዷ፣ በአነጋገርዋ የጎንደር ልጅ የምትመስል፣ በአማርኛ «እንደምን አመሻችሁ፣ ጋሼ» ስትለን፣ በሰው አገር መሆናችንን ለጥቂት ጊዜ ረሳነው።

ከሻይ ሻጮቹ አለፍ ብሎ የጠባሾቹ ተራ ነበር። ምድጃቸው የዘይት በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ የተሠራ ነው። በአንዱ ወገን በቀጭኑ የተዘለዘለ ሥጋ በሽቦ ተሰክቶ በእሳቱ ዙሪያ ቆሟል፤ ይህ «አጋሼ» የሚባለው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ጣት የሚያህል ቋሊማ በብረት ምጣድ ላይ ስቡን እያንጠባጠበ ይጮኻል፤ ይህንን «ሱጁክ» ይሉታል። ጠባሹ ዳቦውን በአውራ ጣቱ ሰንጥቆ ይከፍተውና የተከፈተውን ፊት በቀጥታ በቋሊማው ላይ ይጫነዋል፤ ዳቦው ስቡን ከጠጣ በኋላ ቋሊማውን በውስጡ ጨምሮ፣ ቀይ ዱቄት ነስንሶ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ጥሬ ሽንኩርትና «ጅርጅር» የሚሉትን መረር ያለ ቅጠል ጨምሮ፣ በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ገዢው ገንዘቡን ከኪሱ እስኪያወጣ ድረስ ባለው ጊዜ ነው። ምግቡን የቀመስነው በመጀመሪያ ለመሞከር ያህል ነበር፤ በኋላ ግን በዚያ ሰፈር ሳናልፍ የቀረንበት ማታ አልነበረም።

የዚህን ምግብ ነገር በጥቂቱ ብንመረምረው የካርቱምን ታሪክ እንደ ገና እናገኘዋለን። ሱጁክ የሚለው ስም የቱርክ ነው። በቱርክ አገር ቋሊማው በቅመም ተጠቅጥቆ ከደረቀ በኋላ ይበላል፤ ወደ ግብፅና ወደ ሱዳን ሲወርድ ግን በእርጥቡ የሚጠበስ ሆኗል። በ1813 ዓ.ም. ጀምሮ የመጡት ገዥዎች የቱርክን ቋንቋና ወጥ ይዘው መጥተው ነበርና፣ ግዛታቸው ካለፈ በኋላ የወጡ ስም በየገበያው ቀርቷል።

ቀዩ ዱቄት ግን ከሌላ ማዕዘን የመጣ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሚኖሩ ሐውሳዎችና ፉላኒዎች ወደ መካ ለመሳለም ሲነሡ፣ አውሮፕላን ባልነበረበት ዘመን መንገዳቸው በቻድና በዳርፉር አድርጎ እስከ ቀይ ባሕር ድረስ በእግር ነበር። ጉዞው ዓመታት ይፈጅ ስለ ነበረ በየደረሱበት እርሻ እያረሱና እየነገዱ ስንቃቸውን ያገኙ ነበር፤ አያሌዎቹም በዚያው ቀርተዋል። እንግሊዞች በ1895 ዓ.ም. የሶኮቶን መንግሥት በያዙ ጊዜ ደግሞ ከዚያ የተሰደዱ ሰዎች በዓባይ ዳር፣ በሰናር አጠገብ፣ ማይውርኖ የሚባለውን ከተማ መሠረቱ። በሐውሳ ቋንቋ «ጋሳ» ማለት መጥበስ ነው፤ አጋሼም የዚያ ቃል ዘመድ መሆኑን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻም። በናይጄርያ «ሱያ» የሚባለው ጥብስ የሚነሰነስበት የኦቾሎኒና የበርበሬ ዱቄት፣ በካርቱም መንገድ ዳር ካየነው ጋራ አንድ ነው። እንግዲህ ከምዕራብ በእግሩ የመጣው ተሳላሚና ከሰሜን በመርከብና በግመል የመጣው የቱርክ ወታደር በአንድ ዳቦ ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ስለ ኦቾሎኒ ካነሣን አማርኛ ለሚማሩ አንባቢዎቻችን የሚጠቅም አንድ የቃል ነገር አለ። በአማርኛ «ፉል» ብትሉ የባቄላው ወጥ ይቀርብላችኋል። በአረብኛም ፉል ባቄላ ነው፤ ኦቾሎኒውን ግን ግብፆች «ፉል ሱዳኒ»፣ የሱዳን ባቄላ ይሉታል። እኛ በትግርኛ የኋለኛውን ቃል ትተን የፊተኛውን ስለ ያዝን፣ ፉል ስንል ኦቾሎኒ ማለታችን ነው፤ ባቄላውን ለመለየት «ሻሃን ፉል» እንላለን። አዲስ አበባ እንደ መጣን በአንድ ምግብ ቤት ፉል አዝዘን በተቆላ ኦቾሎኒ ፈንታ ትኩስ ባቄላ በሳሕን ቀርቦልን ነበር፤ ደስ ብሎን በልተነዋል።

ኦቾሎኒ በመጀመሪያ የደቡብ አሜሪካ ተክል ነው፤ በመርከበኞች እጅ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ከገባ በኋላ ወደ ሱዳን ተሻግሮ በኮርዶፋንና በዳርፉር አሸዋማ መሬት እጅግ ተስማማው። ሱዳኖች ከኦቾሎኒ የሚያዘጋጁትን ልቁጥ «ደክዋ» ይሉታል። ከተጠበሰ ደበርጃን ጋራ ሲመቱት «ሰለጣ አስወድ»፣ ጥቁሩ ሰላጣ ማለት ነው፣ የተባለው ይሆናል፤ በሎሚና በውሃ ሲያቀጥኑት ለጥብስ ማባያ ይሆናል።

ሦስተኛው ነገር ዳቦው ነው፤ ሱዳኖች «ዔሽ» ይሉታል፤ ቃሉ ኑሮ ወይም ሕይወት ማለትም ነው። እኛ በነበርንበት ወራት ሕዝቡ ዳቦ ለመግዛት ከዳቦ መጋገሪያዎች ደጅ ረጅም ሰልፍ ይቆም ነበር። ማታ የምንበላውን ዳቦ ጠባሹ ከየት እንዳመጣው ስንጠይቀው ልጁን ከንጋቱ ጀምሮ ሰልፍ አቁሞት እንደ ዋለ ነገረን። ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በዓትባራ ከተማ የዳቦ ዋጋ ከአንድ ፓውንድ ወደ ሦስት ስለ ወጣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ነገሩም ተስፋፍቶ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ሰላሳ ዓመት ያህል የገዙት ፕሬዚዳንት ዑመር አል በሺር ከሥልጣን ወረዱ። በተማሪዎች ዘንድ «ቡሽ» የሚባል ምግብ አለ፤ ዳቦ ተቆራርሶ በፉል ውሃ ይርስና ሽንኩርት፣ የሰሊጥ ዘይትና ጥቂት አይብ ተጨምሮበት ብዙ ሰው ከአንድ ሳሕን ይበላዋል። ሥጋ ለመግዛት ያልቻለው ይህን ይበላል፤ ጣዕሙም የሚናቅ አይደለም።

ስለ ቋሊማ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው የአውሮፓውን ነው። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የውጭ አገር መምህራን ከቆርቆሮ እያወጡ ሲበሉት አይተን፣ የአሳማ ሥጋ ነው ስለ ተባለ ከሩቅ ሆነን እንመለከት ነበር። በሱዳንም በኢትዮጵያም አሳማ የሚበላ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በሁለቱም አገር ቋሊማ ከበሬ ወይም ከበግ የሚሠራ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ነገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ይስማማሉ። በቢላዋው ነገር ግን እንደማይስማሙ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያረደውን አይበላም። ስለዚህ በካርቱም ከሚሠሩት የአገራችን ልጆች አንዳንዶቹ ዓመታት ሙሉ በፉልና በዕንቁላል ሲኖሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ «አገሩን ካልመሰልህ አትኖርም» ብለው በልተዋል። በዲየም ሰፈር እንጀራና ወጥ የሚያቀርቡ የአበሻ ምግብ ቤቶች ስለ ነበሩ፣ በዓል ሲሆን ብዙዎቹ ወደዚያ ይሰበሰቡ ነበር። ማንኛቸው ልክ እንደ ሆኑ ለመፍረድ አልተሾምንም።

ይህን ሁሉ «ነበር» እያልን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም መካከል በአገሩ ጦርና «ፈጥኖ ደራሽ» በሚባለው ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ከተማይቱ በአንድ ቀን የጦር ሜዳ ሆነች። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ገሚሱ ወደ ግብፅና ወደ ቻድ፣ ገሚሱ በገዳሪፍና በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሰደደ። ሻይ የሚሸጡት የአገራችን ልጆችም ጀበናቸውን ጥለው በዚያው መንገድ ተመለሱ። በከተማው ውስጥ የቀረው ሕዝብ በየሰፈሩ በበጎ ፈቃድ ሰዎች በሚቀቀል የጋራ ድስት ኖረ፤ ይህንንም «ተካያ» ይሉታል፤ በድስቱም ውስጥ ፉልና ምስር እንጂ ቋሊማ አልነበረም። መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ጦሩ ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ ወዲህ ከተሰደደው ሕዝብ አንዳንዱ መመለስ ጀምሯል፤ የተመለሰው ግን ያገኘው የተዘረፈ ቤትና የፈረሰ ገበያ ነው።

በእኛ ግቢ ዛሬ የሚኖሩ አንዲት የኦምዱርማን እመቤት አሉ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ስለ ሆነ እኛም ጎረቤቱም «ሐጃ» ብለን እንጠራቸዋለን፤ እርሳቸው ደግሞ እኛን «ያ አኹይ»፣ ወንድሜ ሆይ፣ ይሉናል። በመተማ በኩል ሲመጡ ከቤታቸው ያወጡት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ የእንጨት ሙቀጫ ነው። ሙቀጫ ተሸክሞ የሚሰደድ ሰው አይተን ስለማናውቅ ምክንያቱን ጠየቅናቸው። «ወርቁንማ በመንገድ ወሰዱት፤ ይህን ግን ማን ይፈልገዋል?» አሉን። ባለቤታችን ከሐጃ ጋራ ከተዋወቀች ወዲህ የካርቱሙ ቋሊማ በእኛ ቤት በወር ሁለት ጊዜ ይሠራል። ሐጃ ሥጋቸውን ከሙስሊም ሉካንዳ፣ እኛም ከእኛ ሉካንዳ እናስመጣለን፤ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ምድጃ ይዘጋጃል። ሙቀጫው ግን አንድ ነው፤ ኦቾሎኒው ለሁለቱም ቤት በአንድ ላይ ይወቀጣል። አሠራሩን ለቤት እመቤቶች እንደሚከተለው እናስረዳለን። ባሎችም ቢያነቡት አይጎዳቸውም፤ በካርቱም መንገድ ዳር የሚጠብሱት ወንዶች ነበሩና።

አስቀድሞ ስለ ዱቄቱ። ብዙ ሰው ሥጋውን ዋና ነገር አድርጎ ያስባል፤ ሐጃ ግን ሥጋውን ማንም ይጠብሰዋል ይላሉ፤ እኛም ከሞከርን በኋላ እንደሚሉት ሆኖ አግኝተነዋል። ሩብ ኪሎ ጥሬ ኦቾሎኒ በሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ ልቀሙት። የሻገተውን፣ የጨማደደውንና ቀለሙ የጠቆረውን ያለ ርኅራኄ ጣሉት፤ በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ መርዙም በመቁላት አይጠፋም። የቀረውን በዝግታ እሳት ቁሉት፤ ሲቀዘቅዝ በእጃችሁ አሽታችሁ ገለባውን አንፍሱት። ከዚያ በሙቀጫ ውቀጡት። በኤሌክትሪክ መፍጫ የምትሠሩ የሆነ እንደ ሆነ ጥቂት ፈጭታችሁ ማቆም፣ እንደ ገና ጥቂት ፈጭታችሁ ማቆም ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ብታስኬዱት ይሞቅና ዘይቱን ለቅቆ ልቁጥ ይሆናል። የተወቀጠውን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፤ ዘይቱ በወጣ መጠን ዱቄቱ እንደ አሸዋ ይበተናል። በዚህ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀይ ቃሪያ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥቂት ቀረፋና በቂ ጨው ጨምራችሁ ደባልቁ። በቤታችን ቀይ ቃሪያ ባልተገኘ ጊዜ ሚጥሚጣ እናደርጋለን፤ ሚጥሚጣ ኮረሪማ ስላለበት ሐጃ «ይህ የሐበሽ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው በቤት ውስጥ ቢኖር ለእርሱ የሚሆነው ያለ ዱቄቱ ብቻ ሳይሆን በተለየ ዕቃ ይሠራ፤ ጉዳቱ ቀላል አይደለምና።

ለቋሊማው አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ውሰዱ፤ ከዚህ ውስጥ 800 ግራም ቀይ፣ 200 ግራም ስብ ይሁን። ስቡ ከዚህ ቢያንስ ቋሊማው እንደ ቋንጣ ይደርቃል። ሁለቱንም በማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይታችሁ እጅግ ከቀዘቀዘ በኋላ በሥጋ መፍጫ አሳልፉት። ለምን ቢባል፣ የሞቀ ስብ በመፍጫው ውስጥ ቀልጦ ከሥጋው ይለያል፤ በኋላም በምጣዱ ላይ ሁሉም ፈስሶ ያልቃል። በተፈጨው ላይ 18 ግራም ያህል ጨው፣ ይኸውም ያልሞላ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ስድስት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ድንብላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ ጨምሩ። ግማሽ ስኒ የበረዶ ውሃ እያፈሰሳችሁ ከእጃችሁ ጋራ እስኪጣበቅ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል እሹት። ይህን ሥራ አታሳጥሩ፤ ሥጋው እርስ በርሱ የሚያያዘው ጨውና መታሸት ሲተባበሩ ነው።

አንጀቱ የበግ ቀጭን አንጀት ይሁን። ገልብጣችሁ በጨውና በሎሚ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ውሃው ጠርቶ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አትተዉት። አፉ ሰፊ በሆነ ማንቆርቆሪያ መሙላት ይቻላል። ሲሞላ አይወጠር፤ የተወጠረው በእሳት ላይ ይፈነዳል። በጣት ርዝመት እየጠመዘዛችሁ ለዩት። አንጀት ማጠብ የሚያስቸግራቸው እመቤቶች ሥጋውን እጃቸውን በውሃ አርሰው በጣት መጠን ቢያድበለብሉት ይበቃል፤ ሐጃም ቸኩለው የሠሩ ጊዜ እንደዚሁ ያደርጋሉ።

የመንገዱ ጠባሽ በቀጥታ በምጣድ ላይ ይጥለው ነበር። በቤት ግን መጀመሪያ ፈልቶ ባልተንተከተከ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ቢበስል፣ ከዚያ በኋላ በከሰል ላይ ቢጠበስ ይሻላል፤ ውስጡ ሳይበስል ውጭው አያርርም። በአገራችን ጥሬ ሥጋ የመብላት ልማድ አለ፤ ይሁን እንጂ በተፈጨ ሥጋ ላይ ይህ ልማድ እንዲገባ አንመክርም፤ ከሥጋው ፊት የነበረው ተዋሲ ሁሉ ሲፈጭ ወደ ውስጥ ይገባልና። የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው መካከሉ 71 ዲግሪ መድረሱን ይመልከት፤ የሌለው አንዱን ቆርጦ ቀዩ ቀለም መጥፋቱን ይይ።

ዳቦው ትንሽና ሞላላ፣ በትግርኛ «ባኒ» የምንለው ዓይነት ቢሆን መልካም ነው። ትልቁን የቤት ዳቦ ቆርጦ ለመሥራት የሞከሩ ጎረቤቶች አሉን፤ ስቡን ሁሉ ጠጥቶ በእጅ ላይ ይፈርሳል። ዳቦውን ሰንጥቃችሁ በተጠበሰው ቋሊማ ላይ ተጫኑት። ከዱቄቱ ሁለት ማንኪያ ያህል በሎሚ ጭማቂና በጥቂት ውሃ በጥብጡ፤ መጀመሪያ ይጠጥርና የተበላሸ ይመስላል፤ ሳትደነግጡ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ ብትጨምሩ ይለሰልሳል። ይህን በዳቦው አንድ ፊት ቀቡት። ቋሊማውን፣ በሎሚ የታሸ ቀጭን ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ጅርጅር ቢታጣ ሰላጣ አድርጉበት፤ በላዩ ደረቁን ዱቄት ነስንሱና ወዲያው ይቅረብ። የቆየ እንደ ሆነ ዳቦው ይርሳል።

ለጾም ቀን ሐጃ ሌላ መላ አሳይተውናል። የሱዳኖች «ጠዕሚያ» የሚሠራው ከሽንብራ ነው፤ የግብፆቹ ከባቄላ ነው። ሽንብራው ሌሊቱን በውሃ ይዘፈዘፍና ሳይቀቀል ከነጭ ሽንኩርት፣ ከድንብላልና ከቅጠላ ቅጠል ጋራ ይፈጫል፤ ተድበልብሎም በዘይት ይጠበሳል። የተቀቀለ ሽንብራ የሆነ እንደ ሆነ በዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ዘይቱ የሰሊጥ ቢሆን ጣዕሙ የካርቱምን ይመስላል፤ የሁመራና የመተማ ሰሊጥ ባለበት አገር ይህ አስቸጋሪ አይደለም፤ ዋጋው ግን ኪስን ይነካል። ይህም በዚያው ዳቦ፣ በዚያው ዱቄት ይበላል። እኛ በዐቢይ ጾም፣ ሐጃም በረመዳን ማታ ማታ ይህን ስንሠራ፣ ምድጃው አንድ ብቻ ይበቃናል።

ደረቁ ዱቄት በተከደነ ጣሳ ውስጥ፣ እርጥበት በማይደርስበት ስፍራ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ሐጃ ባለፈው ጊዜ አንድ ጣሳ ሞልተው ወደ ካይሮ ለሚሄድ ሰው ሰጥተው፣ በዚያ በስደት ለሚኖረው ልጃቸው ላኩለት። ልጁም ከቀመሰ በኋላ በስልክ ደውሎ፣ «እማ፣ ይህ የእኛ ነው፤ ነገር ግን አንድ የሐበሽ ነገር ገብቶበታል» አላቸው። ኮረሪማው ነበር። የሚቀጥለው ጣሳ ያለ ሚጥሚጣ እንዲሠራ ባለቤታችን ቀይ ቃሪያ ከመርካቶ ገዝታ አመጣች፤ ልጁ ግን እንደ ገና ደውሎ የመጀመሪያውን ይላኩልኝ ብሏል።